ከጆሮ የወጣ ጥጥ

ተረት ነጋሪዎች ሲጀምሩ «ጆሯችሁን ስጡን» ማለት ይወዳሉ። ይህ ነገር የሆነው ግን የጆሮ ችግር ባልነበረበት አገር ነው። በዚያ አገር ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ጆሮ ነበረው፤ የሹማምንቱማ ከሌላው ሰው ጆሮ ሰፋ ይል ነበር ይባላል።

አገሩ ድሮ አንድ ነበር። መካከሉ ላይ ባሕር አለ፤ ሰዎች ይህን ባሕር እየቀዘፉ ዓሣ ያጠምዱበታል፣ ሙሽራ ያሻግሩበታል፣ ለቅሶ ይደራረሱበታል። በኋላ፣ መቼ እንደሆነ በውል በማይታወቅ ዘመን፣ ትልልቅ ሰዎች ተጣሉና አገሩን ለሁለት ተካፈሉ። መሬቱን ተካፈሉ፣ ተራራውን ተካፈሉ፣ ከዋክብቱን እንኳ «እነዚህ የእኛ፣ እነዚያ የእናንተ» ተባባሉ። ባሕሩ ግን አልጨበጥ ሲላቸው መሐል ለመሐል ረጅም ገመድ ዘረጉበት። ከገመዱ ወዲህ ያለው ውሃ የወዲህ ማዶ፣ ከገመዱ ወዲያ ያለው የወዲያ ማዶ ሆነ። ገመዱ ራሱ የማን እንደሆነ ሊነጋገሩ ሲሉ የምሳ ሰዓት ደረሰና ወደየቤታቸው ገቡ።

ሲካፈሉ የረሱት ነገር ቢኖር አንድ ሽማግሌ ዳኛ ነው። ስማቸው አባ ጓንጉል ይባላል። ያን ዕለት ዛፍ ሥር እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር ማንም ወዲህ ነዎት ወዲያ ሳይላቸው ቀረ። ሲነቁ የሁለት አገር ዳኛ ሆነው ነቁ።

በወዲህ ማዶ አንድ የተከበረ ሥራ ነበረ፤ ጉድጓድ መቆፈር። ወጣት የተባለ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ለአገሩ ሲል ይቆፍራል። ጉድጓዱ ሲያልቅ መርማሪዎች ይመጡና «በጣም ጠልቋል» ብለው ያስሞሉታል፤ ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ስንት ዓመት እንደሚቆፈር የትም አልተጻፈም። ፀጉራቸው እስኪሸብት የቆፈሩ ነበሩ፤ እነሱም «ወጣቶቻችን» ነው የሚባሉት። ለምን እንደሚቆፈር የጠየቀ ሰው ለብቻው የሚቆፍረው ይሰጠው ነበር።

ስለዚህ ወጣቶቹ ሹልክ እያሉ በጀልባ ይሻገራሉ። ወዲያ ማዶም የራሱ ደንብ አለው። እግሩ ደረቅ አሸዋ የረገጠ እንግዳ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ እግሩን ይታጠባል። እግሩ ገና ውሃ ውስጥ ያለ ግን እንግዳ አይደለም፤ በደንቡ መሠረት ማዕበል ነው። ማዕበልን ደግሞ ማንም ቤቱ አያስገባም።

ከባሕሩ መሐል፣ ገመዱ የታሰረበት ቋጥኝ ላይ፣ ትልቅ ደወል ተሰቅሏል። ድሮ ውሃ ሰው ሲወስድ ይደወልና ሁለቱም ማዶ ታንኳውን ይዞ ይወጣ ነበር። ከክፍፍሉ በኋላ ግን ደወሉ ምሳ ያቋርጣል የሚል አቤቱታ በዛ። ደወል መስበር ነውር ስለሆነ መጎተቻውን ቆርጠው ወሰዱና ጠባቂ ቀጠሩለት። ጠባቂው ሽባባው የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ሥራውም ደወሉ እንዳይደወል መጠበቅ ነው። ምናልባት በድንጋይ ይመታው ይሆናል ብለው በየሳምንቱ ስንቁን ሲያመጡለት የቋጥኙን ጠጠር ለቅመው ይወስዱበታል። ታንኳም አልሰጡትም፤ ምን ያደርግለታል?

እንግዲህ ዘርፌ የዚህ አገር ሰው ናት። ወዲህ ማዶ ባሕሩ ዳር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቷ ሲሾር ዓይኗ ሌላ ቦታ፣ አፏ ሌላ ጨዋታ ላይ ነው፤ ክሩ ግን አንድም ቀን ተበጥሶባት አያውቅም። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ እንጉዳይ። እንጉዳይ ድምፀ ትልቅ ናት፤ ስትስቅ ከሦስት ቤት በላይ ይሰማል። ራሷ ስትጠራ ግን ሦስቴ ካልተጠራች አትሰማም። ቀትር ላይ ዘርፌ ደጃፏ ቆማ «እንጉዳይ! ነይ፣ ምሳ ቀርቧል!» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ሰዓቱን በዚያ ያውቅ ነበር።

እንጉዳይ ስድስት ዓመት ቆፈረች። በሰባተኛው፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ከሃያ ሁለት ሰዎች ጋር ጀልባ ላይ ወጣች። ነፋስ አልነበረም፤ ባሕሩ ተኝቷል፤ ፀሐይዋ ወጥታለች። ጀልባይቱ መሐል ስትደርስ ገመዱ ጠለፋትና ተገለበጠች። እስከ ቀትር ድረስ ጮኹ። ከዚያ ዝም አሉ።

ያን ቀን ዘርፌ ፈትል ልትሸጥ ደጋው ገበያ ወጥታ ነበር። ስትመለስ መንደሩ ሁሉ ከእሷ ዓይኑን ሲያሸሽ አየች፤ በዚያ አወቀች።

መጀመሪያ የሄደችው ወዲህ ማዶ ካለው የገመድ ሹም ዘንድ ነው። ሰባት ወር ደጅ ጠናች። ሲቀበላት መዝገቡን እንኳ አልከፈተም።

«ልጄ ሞታብኛለች ጌታዬ» አለችው።

«አልሞተችም፤ ሄዳለች» አላት። «የሄደ ሰው ሄደ ነው የሚባለው። ሞተ ለማለት መጀመሪያ መመለስ አለበት።»

«ሞታ እንዴት ትመለሳለች?»

«እሱን እሷን ጠይቂያት። ደግሞ ድንኳን እንዳትተክዪ፤ ላልሞተ ሰው ማልቀስ ያስቀጣል።»

ፈትል ነጋዴ ይለፍ ስለሚሰጠው ክሯን ተሸክማ ወዲያ ማዶ ተሻገረች። የአሸዋ ሹሙ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አስቀረበላት፣ እጇን ይዞ አዘነ።

«አዝናለሁ እናቴ» አላት። «እኛ በየዓመቱ አንድ ቀን ቆመን ስለእነሱ እናዝናለን፤ ቀኑ ገና ስለሆነ ነው እንጂ። ግን የልጅዎ እግር አሸዋችን ላይ አላረፈም። ያልደረሰ ሰው እኛ ዘንድ የለም፤ የሌለ ሰው ደግሞ አይሞትም። ውሃውን ይድገሙ እንጂ።»

ዘርፌ ውሃውን ሳትጨርስ ተነሳች። ሆድ ባሳት። የወዲህኛው ፊት ሲነሳት ያልወረደ እንባዋ በዚህኛው ጨዋነት ወረደ። ልጇ በአንዱ አገር ሄዳለች፤ በሌላው አልደረሰችም፤ የትም የለች። የትም ለሌለ ሰው ደረት አይደቃም፣ ተዝካር አይበላም። ገዳይም አይፈለግም።

ስትመለስ በቀጥታ አባ ጓንጉል ዛፍ ሥር ሄደች።

«ዳኛው» አለች ጎንበስ ብላ። «ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ልጄ ሞታለች ወይስ አልሞተችም? ሞታ ከሆነ ማን ገደላት? እነዚህን ይንገሩኝና አልቅሼ ልረፍ።»

አባ ጓንጉል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘርፌ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ልትነካቸው ስትል ዓይናቸውን ገለጡ።

«አገሩ አንድ ሳለ ገዳዩ ያልታወቀ ሰው ሲሞት ምን ይደረግ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አውጫጭኝ ይባል ነበር። እናቴ ስታወራ ሰምቻለሁ።»

«ጎሽ። የሟችን ጩኸት ሊሰማ የሚችል ሰው ሁሉ፣ ሹም ይሁን ድሃ፣ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እስኪያወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ሲካፈሉ ይህን ሕግ የሻረው የለም፤ ረስተውታል። እኔንም እንደረሱኝ።»

ሁለቱ ሹማምንት ሲሰሙ ተንጫጩ። አንድም ቀን ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች አንድ ቃል ተናገሩ፤ «ጩኸት ከዚያ ድረስ አይሰማም! ገመዱ ሩቅ ነው!»

«እንግዲያው ይለካ» አሉ ዳኛው። «በመጪው ረቡዕ፣ በዚያችው ሰዓት ዘርፌ ቋጥኙ ላይ ትቁምና ትጣራ። የሰማ ለአውጫጭኙ ይቀመጣል፤ ያልሰማ በሰላም ይገባል።»

ሹማምንቱ ያለ ክርክር እሺ አሉ። አባ ጓንጉል ይህን አልወደዱትም። «ሹም ሳይከራከር ሲስማማ ሆዴን ይቆርጠኛል» አሉ ለጸሐፊያቸው።

በዚያ ሳምንት በሁለቱም አገር ጥጥ ከገበያ ጠፋ። ሰኞ ዕለት የገመድ ሹሙ አሽከር የዘርፌን በር አንኳኳ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ጌታዬ ትንሽ ጥጥ ቢሰጡኝ ብለዋል። ፍሬ የሌለው፣ ለስለስ ያለ።»

«ለቁስል ነው?»

«እንጃ። ለቤተሰቡ ሁሉ የሚሆን ነው ያሉት።»

ዘርፌ ፍሬውን ለቅማ፣ ነድፋ፣ ጥሩ ባዘቶ አድርጋ ሰጠችው። ማክሰኞ ጎረቤቶቿ በየተራ መጡ፤ ከወዲያ ማዶም ነጋዴዎች መጡ። ለሁሉም ሰጠች። የሰው ቁስል እንዴት ቢበዛ ነው ብላ አዘነችላቸው። ማታ ቅርጫቷ ባዶ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት በዳኛው ታንኳ ወደ ቋጥኙ ወሰዷት። ሽባባው ከደወሉ ሥር ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላያትም።

«እዚህ ጋ ቁሚ» አላት በጣቱ እያሳያት። «ድምፅ ከዚህ ነው የሚሄደው።»

«በምን አወቅህ አያ ሽባባው?»

ሽባባው ግንባሩን በመዳፉ ሸፈነ።

ዘርፌ ቆመች። ሁለቱም ዳርቻ በሰው ተሞልቷል። «ድረሱልኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ እንቢ አላት። ልጇ ያን ቃል ስትል እዚሁ ውሃ ላይ እንደነበረች አሰበች። ከዚያ ሳታስበው ድሮ በየቀኑ ትለው የነበረው ወጣ።

«እንጉዳይ! ነይ፣ ምሳ ቀርቧል!»

ሦስቴ ተጣራች። በወዲህ ማዶ ፍየሎቹ ሁሉ ዘወር አሉ። ውሾች ጆሯቸውን አቆሙ። የገመድ ሹሙ ጭን ላይ የተቀመጠችው የልጅ ልጁ «ምሳ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። ከትልልቅ ሰዎች ግን አንድ እንኳ ዓይኑን አልሰበረም፤ ሁሉም ባሕሩን እያየ ፈገግ ብሏል። በወዲያ ማዶም የዳኛው ጸሐፊ ያየው ይህንኑ ነው።

አባ ጓንጉል ወደ ገመድ ሹሙ ጠጋ አሉ።

«ሰማህ?»

ሹሙ ፈገግ እንዳለ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ከሹመትህ ተሽረሃል» አሉት በዝግታ።

ሹሙ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ዳኛው እጃቸውን ሰደዱና ከጆሮው አንድ ነጭ ነገር መዘው አወጡ። ከዚያ ከሚስቱ፣ ከአሽከሩ፣ ከጎረቤቱም አወጡ። ዘርፌ ተመልሳ ከታንኳ ስትወርድ መዳፋቸው ላይ ያለውን አየች።

«ይኼማ የእኔ ባዘቶ ነው» አለች። ሳቋ አመለጣት፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። «ለቁስል መስሎኝ! ስለቅምላችሁ ዋልኩኮ!»

«ፍርዱን ስሙ» አሉ አባ ጓንጉል። «ጥጡን አውጡና ስሙ። ድምፅ አይደርስም ብሎ የሚያምን ሰው ጆሮውን አይደፍንም። የደፈነ፣ ድምፁ እንደሚደርስ የሚያውቅ ነው። የሚያውቀው ደግሞ ከዚህ በፊት ስለሰማ ነው። ጥጥ የተገኘበት ሁሉ ጥጡን በመዳፉ ይዞ ሜዳው ላይ ይቀመጥ።»

የወዲያ ማዶ ሰዎች በታንኳ መሻገር ግድ ሆነባቸው። አብዛኞቹ ባሕሩን ከዳር ሲያዩት ነው የኖሩት። መሐል ሲደርሱ ታንኳው ወዘወዛቸውና የታንኳውን ጠርዝ ሙጥኝ አሉ፤ የአሸዋ ሹሙ ሁለቴ አስታወከ። ውሃው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ያን ቀን አወቁ።

አውጫጭኙ ሦስት ቀን ፈጀ። አንዱ ጣራዬን እየከደንኩ ነበር አለ። ሌላው የወፍ ድምፅ መስሎኛል አለ። አንዲት ሴት ጎረቤቴ ይሄዳል ብዬ ነው አለች፤ ጎረቤቷ እሷ ትሄዳለች ብዬ ነው አለ። የአሸዋ ሹሙ ጩኸቱ በሚገባው ሥርዓት አልቀረበም ሲል ጀመረና ሳይጨርሰው ቁጭ አለ። እውነት እንደ ጥጥ በጥፍር ተመዝዞ የሚወጣ ነገር አይደለም፤ አፉን ሞልቶ ሰማሁ ያለ አንድም አልተገኘም። ዘርፌ መሬት ላይ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ፊት ታያለች። ግማሾቹን ከነልጅነታቸው ታውቃቸዋለች፤ በሠርጋቸው ጨፍራለች።

በሦስተኛው ቀን ሽባባው ተነሳ። እሱ ጥጥ አልተገኘበትም፤ ማንም ና አላለውም፤ ዘርፌን በመለሳት የዳኛው ታንኳ ተሳፍሮ ራሱ ነው የመጣው።

«ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዋና አላውቅም። ታንኳ የለኝም። ደወሉ መጎተቻ የለው። ጠጠር አልተዋችሁልኝ። በግንባሬ መታሁት፤ አልጮህ አለኝ፤ ይኸው» ብሎ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየ። «አንዲት ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ድረሱልን ሲሉ እሷም ስትል ቆየች። በኋላ ማንም እንደማይመጣ ስታይ ተወችው። ከጎኗ አንዱ ሲሰምጥ ስሙን ከነአባቱ ትጠራና፣ ‹አንተ ሽማግሌ፣ ያዝልኝ!› ትለኛለች። ድምጿ እንዴት ያለ ትልቅ ነው! ያዝኩላት። ሃያ ሁለት ስም ያዝኩላት። መጨረሻ ላይ፣ ‹እንጉዳይ፣ የዘርፌ ልጅ› አለችኝ። የአባቷን አይደለም የጠራችው፤ የአንቺን ነው እትዬ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ አንዱ እንዳይጠፋኝ ብዬ ጠዋት ጠዋት እደግማቸዋለሁ።»

ደገማቸውም። ደረበ ካሳ፣ ሰዓዳ ይማም፣ ቢያድግልኝ አየነው እያለ ሃያ ሦስቱን ጠራ። ስም በተጠራ ቁጥር ከሜዳው አንድ እናት ወይ አንድ ወንድም ብድግ ይል ጀመር። የተከለከለው ለቅሶ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ የገመድ ሹሙ ራሱ ዝም በሉ ለማለት ጉልበት አጣ። የአሸዋ ሹሙ ቀኑ ሳይደርስ አለቀሰ። ዘርፌ ደረቷን ደቃች። ልጇ ሞተች፤ መሞቷ በሰው ፊት ተነገረላት። አሳዛኝ ነው፤ ግን ያን ሰዓት እፎይ አለች።

«ይጻፍ» አሉ አባ ጓንጉል ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው። «ሃያ ሦስት ሰው ሞቷል። የገደላቸው ውሃው አይደለም፤ ውሃ ሲጠሩት አይሰማም። የገደላቸው ሲጠሩት ሰምቶ የተቀመጠው ነው። ካሳውን ባለደሟ ዘርፌ ትቁረጥ።»

የገመድ ሹሙ አንገቱን ዳሰሰ። ዘርፌ ተነሳች።

«ጠልቻችሁ ነበር» አለች። «ስፈትል በየስማችሁ ስረግማችሁ ነው የከረምኩት። አሁንም አልበረደልኝም። ግን ምን ላድርጋችሁ? ሰዎቼ ናችሁ። በሉ፣ በመዳፋችሁ ያለውን ጥጥ አምጡ። አንዲት ቁራጭ እንዳትቀር፤ የእኔን ጥጥ አውቀዋለሁ።»

በነጠላዋ ሰበሰበችው። ሦስት ውሃ አጠበችው፤ የጆሮ ነገር ነውና ቢጫ ሆኖ ነበር። ከዚያ ከሁለቱም ማዶ ሴቶች መጥተው አብረዋት ፈተሉ። እየተናደዱም እየተጫወቱም አንድ ክረምት ፈተሉ። ክሩን የመግመዱን ሥራ ለገመድ ሹሙ ሰጠችው። «በገመድስ ልምድ አለህ» አለችው። እጁ እስኪላጥ ገመደ። መስከረም ሲብት ሽባባው ወፍራሙን የጥጥ ገመድ ደወሉ ላይ አሰረው።

ፍርዱ ሁሉን አቀና ማለት አይደለም። ባሕሩ ላይ የተዘረጋው ገመድ አሁንም አለ። ጉድጓዱም ይቆፈራል፤ ሹማምንቱም ሹማምንት ናቸው። ወጣቶቹም መሄዳቸውን አልተዉም።

አንድ ቀን፣ ልክ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ማዕድ እንደቀረበ፣ ደወሉ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሁሉም እጅ ወደ ጆሮው ሄደ። ግን በሁለቱም አገር ጥጥ አልነበረም፤ ያለው ሁሉ ደወሉ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ሰው ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ ወደ ታንኳው ሮጠ። የአሸዋ ሹሙ ባሕሩን እየፈራ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀዘፈ።

አሥራ አንድ ሰው ከውሃ ወጣ። ወዲህ ቢወስዷቸው ጉድጓድ፣ ወዲያ ቢወስዷቸው የአሸዋው ክርክር ይጠብቃቸዋልና ለጊዜው ቋጥኙ ላይ አወጧቸው። ዘርፌ ጉልበቷ እያመማት መጨረሻ ደረሰች፤ በጥድፊያ ልትበላ የያዘችውን ሳህን እንኳ አላስቀመጠችም። አንዲት ልጅ ከደወሉ ሥር እየተንቀጠቀጠች ተቀምጣለች። እንጉዳይን በምንም አትመስልም።

«እናቴ» አለቻት ልጅቷ ጥርሷ እየተፋጨ፣ ከቋጥኙ ልትነሳ እየከጀለች። «ይኼ የማን አገር ነው? መቀመጥ ይቻላል?»

«እሱ እንኳ ገና አልተወሰነም» አለች ዘርፌ። ነጠላዋን አወለቀችና ትከሻዋ ላይ ጣለችላት፤ ሳህኑንም ፊቷ አስቀመጠች። «ነይ፣ ምሳ ቀርቧል።»